የአሰጋሽ መርዶ

የዕድራችን ድስቶች የሚቀመጡት ሁስቢ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር፣ አሰጋሽ ከምትኖርበት ሕንፃ ሥር ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተከራይ በሽቦ የተከለለ የዕቃ ማስቀመጫ አለ፤ ፎሮድ እንለዋለን። ሌላው ሰው ብስክሌትና የበረዶ መንሸራተቻ ያስቀምጥበታል። የአሰጋሽን ግን ባለ ሁለት ጆሮ ትልልቅ ድስቶች፣ ተጣጣፊ ወንበሮችና በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለሉ የልቅሶ ፍራሾች ሞልተውታል። ስቶክሆልም ውስጥ ከኛ ሰው አንዱ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለቄሱ ይመስላል። አይደለም፤ ለአሰጋሽ ነው። "እትዬ አሰጋሽ፣ ልቅሶ አለ፤ ይክፈቱልን" ይሏታል። ትወርዳለች፣ ትከፍታለች፣ የድስቱን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ታስረክባለች። ማንም ለዚህ ሥራ አልሾማትም። አንድ ጊዜ "እኔ ዘንድ ይቀመጥ" አለች፣ በዚያው ቀረ።

ደምመላሽ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። የተዋወቁትም አውቶቡሱ ውስጥ ነው። አሰጋሽ ሄምሼንስት ትሠራለች፤ በማለዳ እየዞረች የአዛውንቶችን በር ትከፍታለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርስ ታበላለች። በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ ባዶ ነው። አንድ ክረምት አርፍዳ በበረዶው ላይ ስትሮጥ አያት፤ በሩን ሳይዘጋ ጠበቃት። ሹፌር እንዲህ ማድረግ አይፈቀድለትም። በማግስቱም ጠበቃት። ከዚያ በኋላ ሆን ብላ ማርፈድ ጀመረች። ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ እንዲህ ስትስቅ ያየኋት ግን ድሮ ነው።

ደምመላሽ ከዚያ በፊት ባዩሽ የምትባል ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። በስዊድን ፍርድ ቤት ተፋተዋል። ጋብቻቸው ግን በቁርባን ነበርና ያ ፍቺ ለሱ ፍቺ አልሆነለትም። "እግዜር ፊት አንዴ ቆሜያለሁ፤ ሁለተኛ ቆሜ ምን እለዋለሁ?" ይል ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈራረሙንም ከዓመት ዓመት አሻገረው። አሰጋሽ አልገፋችውም። እንዲህ ሳይጋቡ በአንድ ቤት መኖርን ስዊድኖች ሳምቦ ይሉታል፤ ሕግ አለው፣ የሚያፍርበትም የለም። ከሃያ ዓመት በላይ ሳምቦ ሆነው ኖሩ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። የሱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጡ የምታበላቸው እሷ ነበረች፤ እሷ በአማርኛ ታወራለች፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፣ ሳህኑ ግን ባዶውን ይነሣል።

አምና በጥር ደምመላሽ ወንድሙን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያው፣ ወንድሙ ቤት፣ ልቡ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሐዘንተኛው ሳይሰማ እንሰበሰባለን፤ ሰው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በማለዳ ደጁ ላይ እንቆማለን፤ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው በሩን ያንኳኳል። በሩን የከፈተ ሰው ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ የቀረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው። መርዶ ይህ ነው። አገሩን ለቀን ብዙ ነገር ስንተው እሱን አልተውነውም፤ በበረዶም፣ በአሳንሰርም፣ የመግቢያ ቁጥር በሚጠይቅ በርም ይዘነው ገብተናል።

የደምመላሽ ወንድምም እንደ ወጉ ለሐዘንተኛ አልደወለም። የዕድራችንን ሊቀ መንበር ቁጥር አፈላልጎ ለእሳቸው ነገራቸው። ሊቀ መንበራችን ዶክተር መሸሻ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሽ መሸሻ እንላቸዋለን። በተማሪነት መጥተው በውሃ ምሕንድስና የተመራመሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብሮማ ብቻቸውን የሚኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሰው ሰብስበው ሶለንቱና ወደ ባዩሽ ሄዱ። የልጆቹ እናት ናት፣ በቁርባን ያገባት ናት፣ በዕድሩም መዝገብ ሚስቱ ተብላ የተጻፈችው እሷ ናት። ባዩሽ ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሱ ጋር በአንድ ማዕድ ያልተቀመጠች ሰው፣ በማለዳ በሯን ከፍታ መርዶውን ሰማች። ደግ ሴት ናት፤ አለቀሰች።

ለአሰጋሽ ማንም አልነገራትም። ኋላ ሲጠየቅ ሁሉም ሌላው ይነግራታል ብሎ ነበር። እውነቱ ግን ምንሽ ሞተ ብለን እንደምንነግራት ስላላወቅን ነው። "ባልሽ ሞተ" እንዳይባል ባሏ አይደለም። "ወዳጅሽ" እንዳይባል ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲራክ የሚባል የዕድሩ ልጅ መኪናውን አቁሞ ደወለላት። ዕድሩን በጉልበቱ የሚያገለግል፣ ከአፉ በፊት እጁ የሚቀድም ሰው ነው። እሷ የሰማች መስሎታል። እሷ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የደምመላሽ ስልክ አልነሣ ብሏት ኔትወርኩ ነው ስትል ነበር። ወረደች፣ ፎሮዱን ከፈተች፣ ፍራሾቹን አወጡ። ትልቁን ድስት እሷ በአንድ ጆሮ፣ ሲራክ በሌላው ጆሮ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ፣ እንደ ሁልጊዜዋ ጠየቀች።

"ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?"

ሲራክ ቆመ። እሷም ቆመች። ድስቱ በመካከላቸው ተንጠለጠለ። ኋላ ሲነግረኝ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር ፊቷ ላይ ያሉት ሰዎች እየቀነሱ እየቀነሱ ሄደው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር አየሁ አለኝ። ድስቱን አልጣለችውም። መኪናው ድረስ አድርሳ፣ አስገብታ፣ የመኪናውን ኋላ ራሷ ዘግታ፣ ከዚያ በረዶው ላይ ተቀመጠች።

ለባሏ ልቅሶ ድስት ያስረከበችው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ሶለንቱና ሄደች። ባዩሽ ፍራሹ ላይ ቦታ ልትለቅላት ፈቀቅ ስትል ጋሽ መሸሻ ተነሡና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "እኅቴ፣ ሁለት ሐዘንተኛ በአንድ ሰው ላይ አያምርም" አሏት። በሩ አጠገብ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ጋ፣ ወንበር ተሰጣት። ትንሽ ቆይቶ ማጀት ውስጥ ሰው ጎደለ ተባለ። ሄዳ ሰሃን አጠበች። አንዳንዶቻችን ኋላ ስልክ ደወልንላት። ከኛ ሁስቢ ድረስ ሄዶ አብሯት የተቀመጠ ግን አልነበረም፤ ልቅሶው ሶለንቱና ነው ተብሏላ።

በረዶው ቀልጦ እንዳያንሸራትት የተበተነው ጠጠር አስፋልቱ ላይ በቀረበት ሰሞን የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከአጀንዳዎቹ አንዱ የአሰጋሽ ነበር፤ ደንቡ "የትዳር ጓደኛ" በሚልበት ቦታ ሁሉ "ወይም ሳምቦ" የሚል ይጨመርበት። በዚህች አገር ፓርላማ ይህ ክርክር አልቆ አርጅቷል። በኛ አዳራሽ ግን የዚያን ቀን ተጀመረ።

ስለ አሰጋሽ የተናገረችው ያኔት ናት። እዚህ ያደገች ጠበቃ ናት፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በስዊድንኛ ትሞላዋለች። የስዊድንን ሕግ አስረዳች። ከዚያም፣ ይህ የነጭ ነገር ነው ብላችሁ እንደሆነ፣ የኢትዮጵያም የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቀዋል አለችን። ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ጋሽ ባሕሩ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "እሱንማ እኛም እናውቀዋለን፤ በኛ ጊዜ ቅምጥ ነበር የሚባለው" አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

"ጋሽ ባሕሩ፣ እርስዎ ስንት ነበሩዎት?" አለቻቸው ተጂቱ፣ ከአሰጋሽ ጋር የምትሠራው። ሳቁ በረታ። አሰጋሽ ብቻ አልሳቀችም።

አንዱ ተነሥቶ ዛሬ ሳምቦ ካልን ነገ ልጆቻችን ማንን ይዘው እንደሚመጡ አስቡ አለ። ሌላው ልጆቻችንማ ይዘው መጥተዋል፣ እኛ ነን በር ላይ ያቆምናቸው አለው። ቄሱ ጥሪ ደርሷቸው ነበር፤ አልመጡም። ክርክሩ ሊግል ሲል ጋሽ መሸሻ ተነሡ። መናገር ያውቃሉ።

"የስዊድን ሕግ ቤቱን ያካፍል" አሉ። "ሶፋውን ያካፍል። ሐዘን ግን አይካፈልም። ዕድር የሚያውቀው ሰማንያና ቁርባን ነው። በአንድ ጣራ ማደር ትዳር ከሆነ የሆቴል እንግዳም ባለትዳር ነው።"

እጅ ወጣ። የአሰጋሽ ሐሳብ ወደቀ። ሰዉ ኮቱን ሲለብስ አሰጋሽ ወደ ጋሽ መሸሻ ሄደች። እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ።

"ጋሽ መሸሻ፣ ይቺን ቃል ያስቀምጡልኝ" አለቻቸው። "አንድ ቀን እመለስበታለሁ።"

"የትኛዋን ቃል?" አሏት።

"ሁሉንም።"

ከዚያ በኋላ የፎሮዱን ቁልፍ ትመልሳለች ብለን ጠበቅን። አልመለሰችም። እንደ በፊቱ ስትጠራ ወረደች፣ ከፈተች፣ ጠርጋ አስረከበች። ልቧ በረደ ብለው ደስ ያላቸው ነበሩ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ቂም የያዘ ሰው ቁልፍ አይመልስም። ድሮ የማውቃት አሰጋሽ ድስት ስትሰጥ ትቀልድ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ እጃችንን ታያለች፣ ማን እንደተቀበላት ልታስታውስ እንደምትፈልግ ሁሉ።

በመከር ወራት በሰማያዊው መስመር ባቡር ውስጥ አገኘኋትና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሥራዋ እየተመለሰች ነበር። የሥራ ክፍሏ ወደ ስፖንጋ ተዛውሮ ነበር። እዚያ ዓይናቸው የደከመ አንድ ስዊድናዊ ሽማግሌ አሉ፤ በየማለዳው እሳቸውን ታለብሳለች። ከሽማግሌው ቤት ፊት ለፊት መነን ትኖራለች። መነንን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ላቦራቶሪ ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ አግብታ የማታውቅ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት።

"መነን ብቻዋን ነው የምትኖረው ትላላችሁ አይደል?" አለችኝ አሰጋሽ። "ጋሽ መሸሻ ደጇን ሲጠርጉ አያቸዋለሁ። በፒጃማ። በነጠላ ጫማ።"

ሊጠይቋት ሄደው ይሆናል አልኳት።

"እንግዳ ሰው ጠርሙሱን ለብቻ፣ ጋዜጣውን ለብቻ ለይቶ ቆሻሻ ይጥላል እንዴ? ለስንተኛ ጊዜ ነው ያየሁት። ለመስኮቱ አበባ ውሃ የሚያጠጡትም እሳቸው ናቸው።"

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ለሰው ትናገር ወይም ለራሳቸው ትንገራቸው፤ እንዲህ ይዛው ከከረመች ይጎዳታል፤ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል አልኳት።

"ሳሌን እውጣለሁ" አለች። "አልናገርም። ልቅሶ ይናገርልኛል። ሞት አልመኝም፤ ግን ሳይመኙትም ይመጣል።"

ባቡሩ ሁስቢ ሲደርስ ተነሣች። በመስኮቱ አየኋት፤ ከሁሉ ቀድማ ደረጃውን ወጣች።

ሞት የመጣው በየመስኮቱ የገና መብራት በሚበራበት ወር ነው። የመነን ታናሽ ወንድም ጉልላት ደሴ ላይ ዐረፈ። ዜናው ለአሰጋሽ ደረሳት፤ ድስት የያዘች ሴት ቁጥሯ ሁሉም ዘንድ አለ። ወዲያው ተደዋወልን፤ መነን ከፌስቡክ ሳታየው በማግስቱ ማለዳ መርዶ እንዲነገራት ተቆረጠ። መናገር የነበረባቸው ጋሽ መሸሻ ናቸው። እሳቸው ግን ከራት በኋላ ስልካቸውን ይዘጋሉ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሲራክ ብሮማ ድረስ ሄዶ በራቸውን ደወለ። ቤቱ ጨለማ ነው። ተጨንቆ ለአሰጋሽ ደወለላት።

"አትጨነቅ" አለችው። "እዚያው እናገኛቸዋለን።"

ሲራክ ነገሩ ደርሷቸዋል ማለቷ መሰለው።

በማለዳው ከስፖንጋ ጣቢያ በእግር፣ ሌሎችም በመኪና መጥተን የመነን ደጅ ላይ ተሰበሰብን። በወፍራም ጃኬት ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ እጃቸውን የሚያፋትጉ ወንዶች። በረዶው ከደጁ ላይ ተጠርጎ ጥግ ተደርድሯል። አሰጋሽ ከፊት ነበረች። ጋሽ መሸሻን ትንሽ እንጠብቅ ያለ ነበር፤ እሷ ግን ደወሉን ተጫነች።

ቤት ውስጥ መብራት በራ። የእግር ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ መሸሻ ነበሩ፤ ባለ መስመር ፒጃማ ለብሰው፣ የሴት ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንኪያ ይዘው።

ስለ ኀፍረቱ የሚያስብ ሰው አልነበረም። እሳቸውም አላሰቡም። ያዩት ሌላ ነገር ነው፦ በማለዳ፣ ደጅ ላይ፣ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ። ሞት እሳቸውን ፈልጎ የመጣ መሰላቸው። ቀለማቸው ጠፋ። ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሄደ። ሎንዶን የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው።

"ልጄን ነው?" አሉ።

መልስ የምትሰጠው ከፊት የቆመችው ናት። አሰጋሽ አልመለሰችም። ቀና ብላ አየቻቸው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ አይደለም ብትል። አላለችም። ግድግዳውን ሲደገፉ አየሁ። ሲራክ ከኋላ "ኧረ እትዬ አሰጋሽ" ሲል ሰማሁት። እሷ የሲራክን ዝምታ፣ የድስቱን ክብደት፣ ያቺን ደረጃ አንድ በአንድ ለእሳቸው ስትመልስ ነበር።

በመጨረሻ፣ "የእርስዎ አይደለም" አለች። "የቤቱን ባለቤት ነው የምንፈልገው። መነን አለች?"

መነን ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ከደረጃው ወረደች፣ ሕዝቡን አየች፣ "ጉልላት?" አለች። ራሷ አወቀችው። ስትወድቅ የወደቀችው ጋሽ መሸሻ ላይ ነው። እሳቸውም አቀፏት። እንዲያ ያቀፉበትን መንገድ ያየ ሰው ይህ የአንድ ዓመት ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ሴቶቹ ግን እንደ ወጉ ከእጃቸው ወሰዷት፤ ፍራሽ ተነጠፈ፣ መሐል ተቀመጠች። ጋሽ መሸሻ ተከትለው ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ አሰጋሽ ክንዳቸውን ያዘች።

"እርስዎ ከእንግዶቹ ጋር ነዎት" አለቻቸው በለሰለሰ ድምፅ፣ ሁላችንም እየሰማን። "ሁለት ሐዘንተኛ በአንድ ሰው ላይ አያምርም።"

ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ማን እንደተናገረው አስታወሱና ዘጉት። በሩ አጠገብ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ጋ፣ ወንበር አመጣችላቸው።

ልቅሶው በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ እዚያ ተቀመጡ። ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው። የሚገባ ሰው ለባለ ሐዘኗ "እግዜር ያጽናሽ" ይላል፤ እሳቸውን ያልፋቸዋል፣ አንዳንዱም ዓይኑን ከሳቸው ለማሸሽ ሲል ጫማውን ሲያወልቅ ይቆያል። ጋሽ ባሕሩ መጥተው አዩአቸው፤ ሊቀልዱ የፈለጉ መሰለኝ፣ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። መነን በእንባዋ መሐል ወደ በሩ ታያለች። እሳቸው ተነሥተው ውሃ ያቀብላሉ፣ ብርጭቆ ይሰበስባሉ። ድንበር ተሻግረው አጠገቧ አልተቀመጡም፤ አሰጋሽ ከፍራሹ ራስጌ ቆማ ነበርና።

በመጨረሻው ቀን ሰው ሲቀልል መነን አሰጋሽን በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት።

"እኔ ምን አደረግሁሽ?" አለቻት።

"ምንም" አለች አሰጋሽ። "እኔም ማንንም ምንም አላደረግሁም ነበር።"

መነን ለቀቀቻት። "ላንቺስ ማን መጣልሽ?" ብላ ጠየቀቻት። አሰጋሽ ወደ ማጀት ገባችና ድስቱን ማጠብ ጀመረች፤ ጀርባዋ ብቻ ይታየን ነበር።

ከገና በኋላ ጋሽ መሸሻ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ፊት ቆመው ረጅም ንግግር አላደረጉም። "ወይም ሳምቦ" የሚለው ቃል ይጨመር፣ አቅራቢው እኔ ነኝ አሉ። መነን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዱ ከኋላ፣ "የሆቴሉስ እንግዳ?" ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ጋሽ መሸሻ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ "እሱም ተሳስቶ ነበር" አሉ። ደንቡ ያለ ክርክር አለፈ። አሰጋሽ አልመጣችም ነበር። ያኔት፣ አሁን ምን ይደረግ ስትል መነን ተነሣች። የሷን ድምፅ በጉባኤ ስንሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር፦ ለአሰጋሽ መርዶ አልተነገራትም፤ ሄደን እንንገራት አለች።

ሁላችንም ደስ አለን። ዕዳ የምንጥል መስሎን ነበር።

መርዶ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ምግቡ በየቤቱ ተሠርቶ ይምጣ፣ እንዳትጠረጥር ተባለ። ሲራክ ግን ልማዱ ነውና በዋዜማው ደወለላት፤ "እትዬ አሰጋሽ፣ ነገ ልቅሶ አለ፤ ይክፈቱልን።" ከዘጋው በኋላ ነው የሠራው ሥራ የገባው። እሷ ግን ማን ሞቶ ነው ብላ አልጠየቀችውም። ሲደርስ ፎሮዱ ተከፍቶ፣ ድስቶቹ ታጥበው፣ ፍራሾቹ ተደርድረው፣ ቁልፉ ትልቁ ድስት ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ሽቦው ውስጥ የቀረ ዕቃ አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ የሁስቢን ደረጃ ሞልተን ወጣን። ወንዶቹ ድስትና ወንበር ተሸክመዋል። ከታች ያለው ከላይ ያለውን አያይም። ጋሽ መሸሻ ደወሉን ተጫኑ። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

"ጋሽ መሸሻ" አለች። "በማለዳ ምን እግር ጣለዎት?"

"አሰጋሽ፣ እኅቴ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉ። "ደምመላሽ ዐርፏል።"

"ደምመላሽ ለኔ ምኔ ነው?"

"ባልሽ" አሉ።

"ከታች ያሉት አልሰሙም።"

ጋሽ መሸሻ ወደ ደረጃው ዞሩ። እኔ ካለሁበት ዕንባቸው ይታየኛል። "ባሏ ደምመላሽ ዐርፏል" አሉ፣ ድምፃቸው እስከ ምድር ቤቱ ወረደ።

አሰጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። ቃሉ የሚገባበት ቦታ እስኪደርስ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ገለጠችው።

"ሰምቻለሁ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ።"

በሩን ዘጋችው። የላይኛው ቁልፍ ሲዞር ሰማን፣ ከዚያ የታችኛው።

መነን ስሟን ጠራች። ያኔት በስዊድንኛ አንድ ነገር አለች። ድስት የያዙት አወረዱ። የምንሄድበት አጣን፤ ብንሄድ መርዶ ነግሮ የሄደ ሰው የለም፤ ብንቀመጥ በሩ ተዘግቷል። መነን ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ቀጥሎም ጋሽ መሸሻ፣ አጠገቧ። ከዚያ ሁላችንም በየደረጃው ተቀመጥን። ከበሩ ወዲያ ልቅሶዋ ተሰማ። ዝግ ያለ ነው፤ ለሰው የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም።

ከላይኛው ፎቅ አንዲት ኩርድ ሴት ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዋን እየጎተተች ወረደች። ሕዝቡን አየች፣ ድስቶቹን አየች፣ ማን እንደሞተ በስዊድንኛ ጠየቀችን። ሲራክ ወደ በሩ እየጠቆመ፣ "የእሷ ባል" አላት።

"ደምመላሽ?" አለች ሴትዮዋ። "እሱ እኮ የሞተው አምና ነው። ያኔ እኛ ገብተን አብረናት ነበርን።"

ከዚያ እንድናሳልፋት ጠየቀችን፤ ተነሥተን መንገድ ለቀቅንላት።